ከአልጋው ራስጌ የበቀለው ገብስ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለው ቤታችን የጭቃ ነው፤ ላዩ በሲሚንቶ ተለስኗል። ባለቤቴ አንዱን ጥግ ከፍለው ሻወር ቤት አሠሩ። የውሃ መከላከያውን ቅብ ግን «ለዚህማ ባለሙያ አያሻም» ብለው ራሳቸው ቀቡት። ቀቡት ልበል እንጂ አንዴ አስነክተውት ነው የወጡ። ሴራሚኩ እስኪለጠፍ እንዲሁ ስንታጠብበት ከረምን።

ከግድግዳው ወዲያ የልጄ መኝታ ነው። የአልጋዋ ራስጌ ግድግዳውን ይነካል፤ አጠገቡ ለዘር ያስቀመጥናት የገብስ ጆንያ ቆማለች። ሴራሚክ ሠሪው በሚመጣበት ጠዋት ልጄ እየሳቀች ጠራችኝ።

«እማ፣ ነይ እይ! ዘንድሮ ሳይታረስ በቀለልን!»

ከጆንያዋ ሥር ያለው ገብስ ነጭ ሥር አውጥቶ በስፌቱ በኩል ብቅ ብሏል። እሷ ትስቃለች፤ እኔ ጆንያዋን ፈቀቅ አደረግኋት። ግድግዳውን ብነካው ርጥብ ነው። ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፤ ውሃ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ምን እንደሚሆን ግን አውቃለሁ፤ የእናቴ ቤት በክረምት ሲናድ አይቻለሁ። ሴራሚኩ ከላይ ከሸፈነው ውስጥ ውስጡን ሲበሰብስ ማን ያየዋል? ልጄ ተኝታ ሳለ ቢወርድባትስ?

ለባለቤቴ ብነግራቸው «ጆንያዋ ስትመጣም ርጥብ ነበረች» አሉ። ሥራቸው ሲነቀፍ አይወዱምና ወደ ጓዳዬ ተመለስኩ። ሴራሚክ ሠሪው ሲሚንቶ ማቡካት ሲጀምር ግን አላስቻለኝም። ከበቀለው ገብስ በእፍኜ ይዤ ሄድኩ።

«ይኸ ምንድን ነው እትዬ?»

«ከዚህ ግድግዳ ጀርባ የበቀለ ነው። እባክህ የኔ ልጅ፣ አትለጥፈው!»

ገብሱን አየ፤ ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገና ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«ጋሼ፣ ያሠሩት መታጠቢያ ነው ወይስ ብቅል ማብቀያ?»

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ባለቤቴ ጺማቸውን አሻሹ።

«ጠላውን ስትጠጣም እንዲህ ትለኝ እንደሆነ አያለሁ» አሉ። ሳቁ ገነፈለ።

ሴራሚክ ሠሪው በየማዕዘኑና በቧንቧው ዙሪያ የላላውን ልስን አራገፈ፤ ግድግዳው በሁለቱም በኩል እስኪደርቅ አስጠበቀን። ልጄ እስከዚያ እኔ ዘንድ አደረች። ከዚያ በሲሚንቶ ደፈነው፤ ማዕዘኑ ላይ ስስ መረብ እያስገባ ቅቡን አንዴ ከታች ወደ ላይ፣ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ጎን ደገመው። ባለቤቴ ብሩሹን ሊቀበሉት እጃቸውን ቢዘረጉ፣ «እርስዎ ይቀመጡልኝ» አላቸው።

ቅቡ ሲጠና ግድግዳው ላይ ውሃ እንለቅበት ጀመር። እኔ በልጄ በኩል ደረቅ ገብስ በጨርቅ አድርጌ ከግድግዳው ሥር አስጠጋሁ። ሰንብተው ባለቤቴ ጎንበስ አሉና አንዷን ፍሬ አንስተው፣ ገበያ እህል ሲገዙ እንደሚያደርጉት በጥርሳቸው ነከሷት። ቀጭ አለች።

«ሰማሽ?»

«ድገሙት» አልኳቸው።

ደገሙት፤ ቀጭ። ልጄም ነከሰች። ሴራሚክ ሠሪውም እጁን ታጥቦ መጣና ነከሰ።

«እትዬ፣ ገብሱ ሳያልቅ ልለጥፈው?»

«ለጥፈው» አልኩ።

የበቀለችውን ገብስ አድርቀን ለጠላው አደረግናት፤ ሴራሚክ ሠሪው ጠጥቶ አመሰገነ እንጂ አላፌዘም። ልጄ አልጋዋን ወደ ቦታው መልሳለች። እኔ ግን ቤት ስጠርግ አንድ ስንዝር ከግድግዳው ፈቀቅ አደርገዋለሁ፤ እሷ ስትመጣ እየሳቀች ታስጠጋዋለች።