በአሶሳ ጎህ ሲቀድ ያነሳኋት ሴት

ባለፈው ሳምንት፣ አሁን በምሠራበት የአዲስ አበባ ሆስፒታል፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ የሲቲ ስካኑ ማሽን ዝም አለ። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው የማሽኑን ጉርምርምታ መስማት ያቆማል፤ ሲጠፋ ነው መኖሩ ትዝ የሚለው። ጫማዬን ከጠረጴዛው ሥር አውልቄ ያበጡ እግሮቼን ቀዝቃዛው ወለል ላይ አሳረፍኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ወጣቶች ስልካቸውን ከፈቱ። እኔ ግን ሳላስበው ሐሳቤ አሶሳ ደረሰ።

የተወለድኩት ወልዲያ ነው። ተመርቄ ዕጣ ሲወጣልኝ አሶሳ ሆነ፤ እናቴ ሰፈሩን ሁሉ እየዞረች «ልጄን ሱዳን ጠረፍ ጣሏት» እያለች አለቀሰች። እኔ ሃያዎቹን ገና አላገባደድኩም ነበርና ርቀቱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ሙቀቱ ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ ፊቴን የመታኝ አየር ምድጃ ሲከፈት የሚወጣ ዓይነት ነበር፤ ቀዩ አፈር ደግሞ በማግሥቱ ነጭ ጋውኔን የጡብ ቀለም አደረገው።

መጀመሪያ ራጅ ነበር የማነሳው። ከጊዜ በኋላ ሲቲ ስካኑ መጣ፤ አጭር ሥልጠና ተሰጠንና ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በፈረቃ ጀመርን። ብዙም ሳይቆይ ባልደረባዬ ለትምህርት ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ። ከባምባሲ፣ ከሆሞሻ፣ ከማንኩሽ፣ ስማቸውን እንኳ በትክክል መጥራት ካልለመድኳቸው ቀበሌዎች ሰው ይመጣል። ሰውን ከቃሬዛ ወደ ማሽኑ አልጋ ማንሳት፣ አውርዶ ሌላውን ማስተኛት፣ መሐል ላይ ደግሞ የሚያለቅስ ቤተሰብ ወደ ውጭ ማስወጣት። ሰዉ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚለኝ። መጀመሪያ ነርስ አለመሆኔን አስረዳ ነበር። በኋላ ማስረዳቱም ደከመኝ።

የዚህ ሥራ ድካም ግን ወገብ ላይ ብቻ አይደለም። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ከማንም በፊት የምናየው እኛ ነን። ሐኪሙ እስኪያነበው ድረስ ግን አንድ ቃል መናገር አይፈቀድልንም፤ ትክክልም ነው። በሽተኛውና ቤተሰቡ ይህን አያውቁም። ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው ፊታችንን ያነባሉ። ስለዚህ ምንም የማይናገር ፊት መልመድ አለብህ። እኔ ያንን ፊት የለመድኩት አሶሳ ነው። እውነት ለመናገር፣ አንዳንድ ቀን ቤቴ ገብቼም ከላዬ አልወልቅ ይለኝ ነበር።

ሚያዝያ ነበር። ዝናቡ ቀርቦ ሳይጥል፣ ሰማዩ ከብዶ አየሩ አልነቃነቅ ያለበት ሰሞን። የማሽኑ ክፍል ማቀዝቀዣ ተበላሸ። ሲቲ ስካን በሽተኛን ሳይሆን ሙቀትን ነው የሚፈራው፤ ክፍሉ ከሞቀ የጨረር ማመንጫው ቱቦ ሊቃጠል ይችላል። የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ጌታሁን፣ ጸጉራቸው የሸሸ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው፣ ከአዲስ አበባ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ እንዳይነካ አዘዙ። እኔ ሲነግሩኝ አንገቴን ነቀነቅኩና ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ። ቀረፋና ዝንጅብል የበዛበትን ሻይ በብርጭቆ እየጠጣሁ የቀትሩን ጎዳና አየሁ። ባጃጆቹ እንኳ ከማንጎው ጥላ ሥር ተኝተዋል። ከስንት ጊዜ በኋላ ማንም የማይጠራኝ ከሰዓት ነበር።

ሐሊማን ያመጧት በማግሥቱ ነው። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ የሆሞሻ ሴት ናት። ባሏ ጋሽ ሙሳ ማሽላና ባሚያ የሚያመርቱ፣ ረዥም፣ ከሲታ ገበሬ ናቸው፤ የአፍ መፍቻቸው በርታ ስለሆነ አማርኛውን እየመረጡ፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ሐሊማ ከገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቷን ነካ አድርጓት ነበር። ያኔ አቧራዋን አራግፋ፣ እየሳቀች ቤቷ ገባች። ሳምንታት አለፉ። ከዚያ ራሷን ያማት ጀመር። ቀጥሎ የምትለውን መርሳት፣ ድስት ጥዳ መውጣት፣ ቀን ቀን መተኛት መጣ። ጎረቤት ጂን ነው አለ። ቁርዓን አስቀሩላት፤ ጸበል የሚመስል ውሃም አጠጧት። በመጨረሻ ቀኝ እጇ ዝሎ ቀኝ እግሯን መጎተት ስትጀምር ጋሽ ሙሳ ሌላውን ምክር ሁሉ ትተው አሶሳ ይዘዋት መጡ።

ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ናሆም ይባላል፤ እሱም እንደ እኔ ከሌላ ክልል የተመደበ ወጣት ነበር። መርምሯት ሲጨርስ ጭንቅላቷ ውስጥ ቀስ እያለ ደም ሳይጠራቀም እንዳልቀረ ጠረጠረ። ከሆነ ራስ ቅሉን በትንሹ ቀዶ ማፍሰስ ይቻላል። ካልሆነ ግን፣ ዕጢ ከሆነ ለምሳሌ፣ መክፈቱ ሊገድላት ይችላል። ሳያይ አይከፍትም። ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዳይልካት ደግሞ ያን ሰሞን ወደ መሐል አገር የሚወስደው መንገድ ክፉ ነበር፤ ለጤነኛ እንኳ አይመከርም። እሷ እየተኛች፣ ሲቀሰቅሷትም ዓይኗን እየገለጠች መልሳ እየከደነች ነው።

ሁለቱ፣ ሐኪሙና ጋሽ ጌታሁን፣ በሩ ላይ ቆመው ብዙ ተነጋገሩ። ማንም አልጮኸም። ዶክተሩ ሴትዮዋ ሁለት ቀን ላትቆይ እንደምትችል ተናገረ። ጋሽ ጌታሁን ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና፣

«ዛሬ እሷን አነሳን እንበል። ቱቦው ከተቃጠለ ነገ የሚመጣውን በምን እናየዋለን? ነገም ሰው ይመጣል እኮ» አሉት።

ይህን ንግግር ለዓመታት ሳሰላስለው ኖሬያለሁ፤ ስህተት አላገኘሁበትም። በክልሉ ውስጥ እኔ የማውቀው ሲቲ ስካን ያ ብቻ ነበር።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እሰማለሁ። መሐላቸው የመግባት ሐሳብ አልነበረኝም፤ ድካሙ ራሱ ዝም ያሰኛል። ኮሪደሩ ላይ ግን ጋሽ ሙሳ ወለሉ ላይ ተቀምጠው የሐሊማን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በነጠላዋ ጫፍ ዝንብ ይከላከሉላታል። የምንለውን ሁሉ እየሰሙ ነበር፤ ምን ያህሉን እንደተረዱ አላውቅም። ያኔ፣ ክፍሉ ጎህ ሲቀድ ከሁሉም ሰዓት ይበልጥ እንደሚቀዘቅዝ፣ መስኮቱን ሌሊቱን ሙሉ ከፍተን ብናሳድረውና የጭንቅላት ምስል ብቻ፣ ያውም ምስል ማድመቂያውን መድኃኒት በደም ሥር ሳንሰጥ፣ ብናነሳ ማሽኑ ብዙም እንደማይሞቅ ተናገርኩ። ጋሽ ጌታሁን መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ። «ብትነቃነቅም ባትነቃነቅም አንድ ጊዜ። አይደገምም።»

ከሥራ ስወጣ ትንሿ ምግብ ቤት ገብቼ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አዘዝኩ። ባሚያውን ለመውደድ ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ ያን ቀን ግን ጣዕሙም አልታወቀኝም።

ንጋት ላይ ሆስፒታሉ ስደርስ ወፎቹ ገና መንጫጫት መጀመራቸው ነው። ጋሽ ጌታሁን ቀድመውኝ መጥተው፣ ከየቢሮው የለመኗቸውን የቁም ማራገቢያዎች ማሽኑ ዙሪያ ደርድረዋል። እምቢ ያሉት ሰው እሳቸው፣ ማራገቢያ ሲሸከሙ ያነጉትም እሳቸው። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ነበር።

ሐሊማን አልጋው ላይ አስተኛናት። ማሽኑ መጉረምረም ሲጀምር ግን፣ ከትናንት ጀምሮ በቅጡ ያልነቃችው ሴት ደነገጠች። ራሷን ታወዛውዛለች፤ በደኅናው እጇ የታሰረችበትን ቀበቶ ትጎትታለች። እንዲህ ሆና ብትነሳ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ለሌላ ደግሞ ፈቃድ የለንም። ዶክተሩ ማስተኛ መድኃኒት ልስጥ አይልም፤ ትንፋሿ ያለዚያም ደካማ ነው። ወደ ጋሽ ሙሳ ዞርኩና ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ አልብሻቸው አጠገቧ አቆምኳቸው። ጎንበስ አሉና በጆሮዋ በበርታ ማውራት ጀመሩ። አልተቻኮሉም፤ አላባበሏትምም። ማታ ከእርሻ የገባ ሰው ለሚስቱ የዋለበትን የሚነግር ነበር የሚመስለው። ቀስ እያለች ላላች። ዓይኗ ኮርኒሱ ላይ ቆመ።

መስታወቱን አልፌ ሮጬ ቁልፉን ተጫንኩ።

ምስሉ አንድ በአንድ ወጣ። በግራ በኩል፣ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መሐል፣ እንደ አዲስ ጨረቃ የታጠፈ ጥላ ተኝቷል፤ አንጎሉን ወደ ቀኝ ገፍቶታል። ዶክተር ናሆም የጠረጠረው ነው። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴ ግን እንደለመደው ዝም አለ። ወዲያው ማሽኑ የማስጠንቀቂያ ድምፅ አሰማና በራሱ ጠፋ። ጋሽ ጌታሁን እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳርፈው ቆሙ፤ የታመመ ከብት የሚዳብሱ ይመስሉ ነበር።

ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ ሲያይ እኔ ሐሊማን ለማውረድ ገባሁ። ጋሽ ሙሳ ሽርጡን እንደለበሱ ናቸው።

«ሲስተር፣ አንቺ አይቷል» አሉኝ። «ፊት ዝም ብሏል። ዝም መጥፎ ነው?»

ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጥያቄ ነበር የጠየቁኝ። ሌላው ሰው «ምን አየሽ?» ይላል፤ ለዚያ መልስ አለኝ።

«ጋሽ ሙሳ፣ ዝም ያልኩት መጥፎ ስለሆነ አይደለም» አልኳቸው። «መናገሩ የዶክተሩ ስለሆነ ነው። አሁን መጥቶ ይነግርዎታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዶክተሩ እስኪመጣ ምን ሲነግሯት እንደነበር ጠየቅኳቸው። «ቤት ነው» አሉ። «ፍየል ወለደ። ባሚያ አበባ አወጣ። ልጅ እናት የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። ሌላ ምን አለ?»

ያን ጠዋት ዶክተር ናሆም ራስ ቅሏን በትንሹ ቀዶ የተጠራቀመውን አፈሰሰ፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የመሰለ ጥቁር ደም ነበር አሉ። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ሳያት ተኝታለች፤ ጋሽ ሙሳ ግን ቀኝ እጇን አንስተው አሳዩኝ። ጣቶቿን ታጥፍ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ በእግሯ ሄዳ ወጣች።

ማሽኑ ግን አልተነሳም። ባለሙያው ሲመጣ አንድ ዕቃ ተቃጥሏል አለ። በዚያ ንጋት ምክንያት እንደሆነ ስጠይቀው፣ ዕቃው ያረጀ ስለሆነ ዛሬ ባይሆን ነገ መቃጠሉ አይቀርም ነበር አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሁን እውነቱ እንደዚያ ይሁን አላውቅም። መለዋወጫው እስኪመጣ ክረምቱ ገባ።

በዚያ መሐል ከማንኩሽ በኩል አንድ ወጣት የጉልበት ሠራተኛ መጣ። ከፎቅ ወድቆ ራሱን ስቷል። ማሽኑን ማንሳት አልቻልንም። ዶክተር ናሆም ክፉውን መንገድ እያወቀ በአምቡላንስ ሰደደው፤ ዝናብ እየዘነበ ነበር። አምቡላንሱ በጭቃው እየተንሸራተተ ከግቢው ሲወጣ እኔና ጋሽ ጌታሁን በረንዳው ላይ ቆመን አየነው። ነግሬያችሁ ነበር የሚል ቃል ከአፋቸው ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «ሂጂ፣ ምሳ ብዪ» ብቻ አሉኝ። የወጣቱ ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ማንም አልነገረንም። በስልክ ብንጠይቅም የሚያውቅ አላገኘንም።

ሐሊማን ያገኘኋት ከአሶሳ ልዛወር ስል ነው። ቅዳሜ ገበያ፣ ባሚያዋን ማዳበሪያ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሻሿ ሥር፣ ከግንባሯ ከፍ ብሎ፣ የጠባሳው ጫፍ ይታያል። አላወቀችኝም፤ እንዴትስ ታውቀኛለች? ዋጋ ቀንሺልኝ ብላት ሳቀችብኝና ባሚያው የዛሬ ጠዋት መሆኑን፣ ካልፈለግሁ ከጎኗ ካሉት ጠውላጋውን መግዛት እንደምችል ነገረችኝ። ክርክሩን አልረሳችም፣ የባሚያውን ዕድሜ አልረሳችም፣ መልሱንም ቆጥራ ሰጠችኝ። ማን እንደሆንኩ ልነግራት ከአፌ ደርሶ ተውኩት። የያዘችው ገበያ ነው፤ ከኋላዬ ሌላ ደንበኛ ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው አንስቻለሁ። ሙያው ገጠመኝ ይሰጥሃል እንጂ መጨረሻ አይሰጥህም። ሰው ይገባል፣ ይተኛል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ይወጣል፤ ውስጡን አይቼ ነገውን ሳላይ እንለያያለን። ልጆቼ «እማዬ፣ ይህን ያህል ምን አደከመሽ?» ይሉኛል። ወገቤን እላቸዋለሁ፤ ወገብ ለማስረዳት ይቀላል። የአንዲት ሴት መጨረሻ ገበያ ላይ ተቀምጦ አግኝቼዋለሁ፤ ከስንቱ ተለይቼ ይህን ያህል መታደሌን አውቃለሁ። ግን ደክሞኝ ወንበር ላይ ስደገፍ ቀድሞ የሚመጣብኝ የእሷ ፊት አይደለም። ያ ስሙን እንኳ በደንብ ያልያዝኩት ወጣት ነው። ምናልባት ደርሷል። ምናልባት አሁን የልጆች አባት ሆኖ፣ ዝናብ ሲዘንብ ራሱን ትንሽ ያመው ይሆናል። እንደዚያ ነው የማስበው፤ ሌላውን ለማሰብ አቅም የለኝም።