እንደ አራስ ልጅ ያሳደግኋቸው ጫጩቶች

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ አጠገብ ባለ የሥጋ ዶሮ እርባታ ሥራ በጀመርሁበት ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ጫማህን በሩ ላይ ያለው ኖራ ውስጥ ንከር፤ ከዚያ እግርህን ሳታነሣ እያንሸራተትህ ግባ» የሚል ነበር። እግር የሚንሸራተተው ጫጩት እንዳይረገጥ ነው። እኔ ግን ትልቅ ቦታ የገባሁ መስሎኝ በሩ ላይ አማተብሁ።

«ዶሮ ቤት ነው፤ መቅደስ አይደለም» አለኝ አያ ብርሃኔ።

አያ ብርሃኔ የመተማ ሰው ነው፤ በእርባታው ከሁላችንም የቆየ እሱ ነበር። ዶሮዎቹ የሚያድጉበትን ረጅም የቆርቆሮ ቤት ዐንበር እንለዋለን። ዐንበሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የእሱ ነው።

የእርባታው ባለቤት ሐጅ ኢድሪስ አማርኛ የለመዱት ከሰሊጥ አጫጆች ነው። «ሁለተኛው ዐንበር ያንተ ነው» አሉኝ። «ዶሮው አድጎ በሰላም መኪና ላይ ከወጣ ቋሚ ሠራተኛ ነህ። ካልሆነ ባሱንዳ ሰሊጥ ሞልቷል፤ ማጭድህን ይዘህ ትሄዳለህ።»

ባሱንዳ አንድ ወቅት ሰሊጥ አጭጃለሁ። ወገቤ እስካሁን አልረሳውም። ስለዚህ ከማንም የበለጠ ተጠንቅቄ ለመሥራት ወሰንሁ።

የአንድ ቀን ጫጩቶች በካርቶን መጡ። የለውዝ ገለባ አነጠፍሁ፣ ከሰል አቀጣጠልሁ፣ የእያንዳንዱን አፍ ስኳር በተበጠበጠበት ውኃ ነከርሁ። እስከዚህ ድረስ ሥራዬ ልክ ነበር።

የአያ ብርሃኔን አሠራር ሳይ ግን ደነገጥሁ። መስኮቱ ክፍት ነው። ሬዲዮው ከጧት ጀምሮ ይጮኻል። መሬቱ ላይ የሰሊጥ አገዳ እስርና ባዶ ሳጥን ተጥሏል፤ ጫጩቶቹ እየዘለሉ ይወጡበታል። ውኃ የሚያመጣው ባለጋሪም፣ ወተት ሻጯም፣ የሐጅ እንግዳም ሲያልፍ «ፈደል፣ ግቡ!» እያለ ያስገባል።

እኛ አገር አራስ ልጅ ለባዳ አይታይም። ወፍ ይመታዋል፣ ሰው ያየዋል ተብሎ ከእናቱ ጋር ይዘጋበታል። ለአንድ ሰው ልጅ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለሐጅ ጫጩቶች ስንት እጥፍ መጠንቀቅ እንዳለብኝ አሰብሁ። መስኮቱን ሁሉ በጆንያ ሸፈንሁት። ወለሉን ባዶ አደረግሁት። ማንንም አላስገባም። ሳል ሲመጣብኝ ወደ ውጭ ወጥቼ እስል ነበር። ልብሴ ቆሻሻ እንዳያስገባ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ጥሎት የሄደውን ቢጫ የዝናብ ካፖርት በየቀኑ እለብስ ነበር። በከሰሉ ሙቀት ላይ ካፖርቱ ተጨምሮ እኔም ለመታረድ የደረስሁ መሰልሁ።

አያ ብርሃኔ በቀዳዳ አየና «ክርስትናቸው መቼ ነው?» አለኝ።

ቀዳዳውን በጆንያ ጫፍ ደፈንሁት።

«ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን እንዳትለኝ። በአርባ ቀናቸው ይታረዳሉ» አለኝ ከውጭ።

በሦስተኛው ሳምንት ካፖርቱን አጥቤ በሸሚዝ ገባሁ። ዶሮዎቹ በሙሉ ወደ ዳር ሸሹ። «እኔ ነኝ እኮ!» ብልም የሰማኝ የለም። እርጥቡን ካፖርት ለብሼ ስመለስ ግን እየሮጡ ከበቡኝ። ደስ ብሎኝ ለአያ ብርሃኔ ነገርሁት።

«አንተን አይደለም የሚያውቁት፤ ካፖርቱን ነው» አለኝ።

ቀንቶ ነው አልሁ በልቤ።

በአምስተኛው ሳምንት ሐጅ የእንስሳት ሐኪም ይዘው መጡ። ዶክቶራ ሳሚያ ከካርቱም ተፈናቅለው ገዳሪፍ የገቡ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሴት ናቸው። በአንደኛው ዐንበር ዶሮዎቹ የጫማቸውን ማሰሪያ እየነከሱ ተከተሏቸው። ወደ እኔ ዐንበር ሲገቡ «ጨለማ ነው» ብለው አንዱን ጆንያ ገለጡት።

ፀሐዩ፣ ነጩ ጋዋንና የሐጅ ጀላቢያ አንድ ላይ ገቡ። ዐንበሩ በሙሉ እንደ አንድ ዶሮ ተነሥቶ ወደ አንድ ማእዘን ሮጠና እርስ በርሱ ተደራረበ። ከላይ ከላይ እያነሣሁ ወረወርሁ። ከሥር አሥራ አንድ ታፍነው ሞተው ተገኙ።

ዶክቶራ አንድ በሕይወት ያለ ዶሮ አንሥተው እግሩን አሳዩኝ። ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። «ይህ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል» አሉ፤ ሐጅ ያስተረጉማሉ። «የሚወጣበት ነገር አልሰጠኸውም። ብርሃን አላየም። ሌላ ሰው አላየም። ለምን ዘጋህባቸው?»

«ወፍ እንዳይመታቸው ብዬ ነው።»

ሐጅ አስተረጎሙ። ዶክቶራ ዶሮዎቹን ትንሽ አይተው አንድ ነገር ተናገሩ። ሐጅ ወደ እኔ ዞሩ። «እነሱ ራሳቸው ወፍ ናቸው ትላለች።»

አያ ብርሃኔ ሳቁን ለመደበቅ ሬዲዮ ሊያጠፋ ሄደ።

መኪናው የሚመጣው ከአምስት ቀን በኋላ ነበር፤ ዶሮ የሚይዙ አምስት ጫኞች ይዞ ይመጣል። «ሲይዟቸው ሌላ ክምር ከተፈጠረ ማጭድህን አዘጋጅ» አሉኝ ሐጅ። መላ እንዲሰጡኝ ዶክቶራን ለመንኋቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልተለመደ ነገር በአምስት ቀን እንደማይለመድ ነገሩኝ። «የሚያውቁት አንድ ነገር ካለ እሱን ተጠቀም» አሉ።

የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከአያ ብርሃኔ ጋር ገዳሪፍ ሱቅ ወርደን ቢጫ የዝናብ ካፖርት ፈለግን። ሚያዝያ ነው፤ አስፋልቱ ይቀልጣል። ነጋዴው ወደ ሰማይ አንጋጦ «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ዝናቡ በየት በኩል ታያችሁ?» አለን። አቧራ የጠጡ ስድስት ካፖርቶች ከመጋዘን አወጣልን።

የጭነቱ ቀን ጧት አምስቱ ጫኞች ለብሰው ተሰለፉ። ስድስተኛውን ሐጅ ወሰዱት፤ ገብቼ ካላየሁ አሉ። ቁልፉ ሆዳቸው ላይ አልገጥም ብሎ በጆንያ ገመድ አሰርነው። አያ ብርሃኔ «ሐጅ፣ ክረምቱን ይዘውልን መጡ» አላቸው። ሐጅ ዐይናቸው ውስጥ የገባውን ላብ በክንዳቸው ጠረጉ።

እግራችንን እያንሸራተትን ገባን። አንድም ዶሮ አልሸሸም። አንዷ እንዲያውም የሐጅ እግር ላይ ተቀመጠች፤ ተይዛ እስክትወጣ ድረስ ሐጅ አልተንቀሳቀሱም። የመጨረሻው ሳጥን መኪና ላይ ሲወጣ ሐጅ ካፖርቱን አውልቀው ቆባቸውን ጨመቁ።

«ቋሚ ነህ» አሉኝ። «በብርሃኔ ሥር። የሚቀጥለውን ዙር ሳታስለምድ ብታሳድግ ግን ይህንን አንተ ብቻህን ትለብሰዋለህ፤ ገበያ መሀል።»

በሚቀጥለው ዙር ጆንያውን ቀደድሁት። አገዳና ሳጥን አስገባሁ፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ባለጋሪውን፣ ወተት ሻጯንና ዶክቶራን በየተራ አስገባሁ። ጫጩቶቹ መጀመሪያ ሸሹ፤ በሳምንቱ የወተት ሻጯን ቀሚስ ይጎትቱ ጀመር። በዚያ ዙር ተደራርቦ የሞተ አልነበረም።

አሁን የእንስሳት እርባታ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሥራው ላላችሁና ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ያላየውን ነገር ሲያድግ ይፈራዋል፤ የፈራ ዶሮ ደግሞ ተደራርቦ ይሞታል። ብርሃን፣ የሚወጣበት ነገርና ልዩ ልዩ ሰው በጊዜው፣ ቀስ እያላችሁ አሳዩት።