የፔድሪና ዛፍ

ጎረቤቴን ፔድሪናን ሞኝ የሚሏት ሰዎች እኔ ፊት ባይሏት ይሻላቸዋል። በጉልበቷ ወንድ ታስከነዳለች፤ ስትስቅ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ባሏን ጎርፍ ከወሰደባት ወዲህ ግን እሷንና ትንሿን ልጇን ማፌያን ያኖራቸው አንድ ዛፍ ነበር፤ ከከተማችን ከቤሊንዞና ቅጥር ውጭ የቆመ፣ ካስታኛ የምንለው ባለ እሾህ ፍሬ ዛፍ። ፍሬውን አድርቃ ታስፈጨዋለች፤ የበረዶው ወራት ዳቦዋ እሱ ነው።

መሬቱ የከተማው የጋራ ግጦሽ ነው። ዛፉ ደግሞ አያቷ የተከሉት ስለሆነ የሷ ነው። እኛ ዘንድ መሬት ሌላ፣ ዛፍ ሌላ።

በመስከረም ከተራራው ማዶ ጠላት ሊወርድብን ነው ተባለ። የከተማችን ሦስቱም ግንቦች በወታደር ተጨናነቁ። ከገዢዎቻችን ከተማ ከሚላኖ የመጣው አዛዥ፣ ጠላት እንዳይሸሸግበት ከቅጥሩ ፊት ያለው ዛፍ ሁሉ ይቆረጥ አለ። ባለቤት ላለው ዛፍ ብቻ ፍሬው እስኪደርስ ይቆይለታል። እኛም ተመስገን አልን።

አዛዡ ራሱ ፔድሪናና እኔ ወደቆምንበት ካስታኛ ሥር መጣ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ቦታ የማን ነው?”

“የከተማው ነዋ፣ ጌታዬ።”

“በሉ ጣሉት!”

“ኧረ በማርያም! ዛፉ የኔ ነው!”

“አሁን የከተማው ነው አላልሽም?”

“የጠየቁኝ መሬቱን ነዋ!”

አዛዡ በሳቅ ፈረሰ። “ምን ዓይነት አገር ነው ጃል! ዛፉ አየር ላይ ነው እንዴ የበቀለው?”

ደሜ ፈላ። “ጌታዬ፣ በኛ ሕግ እኮ...” ብዬ ስጀምር አንዱ ወታደር “አንቺ ደግሞ ምን ጥልቅ አደረገሽ!” ብሎ ገፈተረኝ።

ፔድሪና ግንዱን አቅፋ አልለቅም አለች። ከነዛፉ እንዳይቆርጧት ፈርተን እኛው ጎረቤቶቿ ጎትተን አስለቀቅናት። ዛፉ ሲወድቅ የፍሬውን እሾሃም ልባስ በእጇ ሰነጠቀችው። ውስጡ ውሃ ነው፤ ገና አልያዘም።

ጠላት የተባለው በዚያ ዓመት ድርሽ አላለም። ረሃቡ ግን መጣ። ካለን አካፈልናት፤ ምን አለንና! የገና በዓል ሳይደርስ ልጅቷ ከሳች፣ ጉልበቷ ከዳት። በመጨረሻ ፔድሪና እጇን ይዛ ወደ ግንቡ ወጣች፤ ለዚያው ለአዛዡ ወጥ ቤት በገረድነት ልትሰጣት። እኔም አብሬያቸው ሄድኩ።

በሩ ላይ ማፌያ የእናቷን ቀሚስ ያዘች።

“እማዬ፣ መቼ ትወስጂኛለሽ?”

“ካስታኛችን ሲደርስ፣ የኔ እናት።”

ልጅቷ ዛፉ ሲወድቅ አጠገቤ ቆማ አይታለች። ቀሚሱን ለቀቀችና “እሺ” ብላ ገባች።