ለአባቴ የመረጥኩት የደጅ መብራት

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለው ቤታችን የአንድ ጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ነው። ከዋናው መንገድ እስከ እኛ ድረስ ግራና ቀኝ የጎረቤቶቻችን በሮች ነበሩ፤ ከየበሩ በላይም አምፖል ነበር። ሰፈሩ እንደሚፈርስ ከተነገረን በኋላ ጎረቤቶቻችን ተራ በተራ ከተማው ዳር ወደተሰጣቸው ኮንዶሚኒየም ሄዱ። ሲሄዱ ከዕቃቸው ጋር አምፖላቸውንም ፈትተው ወሰዱ። የእኛ ተራ ስላልደረሰ ብቻችንን ቀረን።

አባቴ መውደቅ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። አመሻሽ ላይ ወደ ፒያሳ ብቅ ብሎ ከድሮ ባልደረቦቹ ጋር ማኪያቶ ይጠጣል፤ ከዚያ ሌላ የሚሄድበት የለውም። አንድ ቀን ሲመለስ እግሩ ክፍት የውሃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ቅልጥሙ ተላጠ። ሌላ ቀን ደግሞ የፍርስራሽ ክምር አደናቅፎት ግንባሩ አብጦ መጣ።

"ጨለማው ነው" አለ።

እናቴ ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበች፣ "እንግዲያው ሲመሽ መውጣት ይቅር" አለችው። "አንድ ቀን እግርህን ሰብረህ ትመጣለህ። እኔ ደግሞ አንተን የምሸከምበት ወገብ የለኝም።"

አባቴ ያን ማታ እራቱን ሳይነካ ተኛ። እኔም ደጁ ላይ ጥሩ መብራት ከገባ መውጣቱን እንዳትከለክለው እናቴን ለመንኳት፤ እሺ አለች።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ቤት ውስጥ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስላቸውም። ገና አንደኛ ዓመት ነኝ ብል የሚሰማኝ የለም፤ እውነቱን ለመናገር መታመኔ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ስለ ኤል ኢ ዲ መብራት ያገኘሁትን ሁሉ በስልኬ አነበብኩ። ስንት ዋት እንደሚበቃ፣ ክረምቱን የሚችለው የትኛው እንደሆነ፣ ምን ያህል ከፍታ ላይ መሰቀል እንዳለበት አጠናሁ። ከዚያ ከአባቴ ጋር ፒያሳ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄድን።

ሻጩ ጥያቄዬ ሲበዛበት፣ "ወንድሜ፣ መብራት ልትገዛ ነው ወይስ ልትፈትነኝ?" አለኝ።

"ዝናብ ያስገባል ወይ ነው ያልኩህ።"

"ይሄን ፓውዛ? ባሕር ውስጥ ብትከተው ዓሣ ያጠናበታል።"

አባቴ ከልቡ ሳቀ። ሻጩ ቀጠለ፤ "ሴንሰር አለው። ሰው ሲንቀሳቀስ ይበራል፣ እንቅስቃሴ ከሌለ ራሱ ይጠፋል። ካንተ የበለጠ ቆጣቢ ነው።" ከዚያ ነጩንና ቢጫውን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አበራቸው። "በሉ ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱ።"

አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "አንተስ የትኛውን አልክ?"

"ነጩን።"

"እኔም እሱን ነበር ያሰብኩት" አለ። ከእሱ ጋር አንድ ሐሳብ መሆኔ እንዴት እንዳስደሰተኝ አስታውሳለሁ።

በማግስቱ እናቴ መሰላሉን ይዛልኝ ከበራችን በላይ፣ ፊቱን ወደ መተላለፊያው አድርጌ ሰቀልኩት። ሲመሽ አባቴን ደጅ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ከመንገዱ ታጥፎ ሲገባ መብራቱ ቦግ አለ። የአጥሩ ቆርቆሮ ምስማር ሳይቀር ይታይ ነበር። አባቴ ግን አንድ እጁን ቆርቆሮው ላይ አድርጎ እየዳበሰ ነበር የሚመጣው። ቱቦው ጋ ሲደርስ በቀጥታ ወደ እሱ ሄደ።

"አባዬ! ቁም!"

ወደ ድምፄ ዞሮ ቆመ። ሮጬ እጁን ያዝኩት። ሁለታችንም ሳንንቀሳቀስ ስንቆም መብራቱ ጠፋና መተላለፊያው ድቅድቅ አለ። በዚያ ጨለማ ውስጥ አባቴ እጄን ጨመቅ አድርጎ፣ "እንዴት ያለ መብራት ነው ያመጣኸው ልጄ! አሁን መርፌ ብትወድቅ ትገኛለች" አለኝ።

እጄን ወደ ላይ ሳነሳ መብራቱ እንደገና በራ። ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ይዘነው የሄድነው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው አለን። ለብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ነርቩን ሲጎዳው ቆይቷል፤ የሄደው አይመለስም። ጠብታ ያዘዘለት ለቀረችው ጭላንጭል ነው። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ እናቴ፣ "ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ነበር ቤት የምትገባው?" ስትል ጠየቀችው።

"ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮ 'ጋሼ፣ እንዴት አመሹ?' ካለችኝ ቱቦው ጋ ደርሻለሁ ማለት ነው፤ ቀኜን እይዛለሁ" አለ። "የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ሲሰማኝ ግድግዳው እዚያ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ጩኸታቸውን ተከትዬ እመጣለሁ።"

"እና ለምን አትነግረንም?"

"ምን ብዬ? ሁሉም እንደሚያይ ሰው ነበር ሰላም የሚለኝ።"

ሻይ ሻጯ አሁን የምትኖረው ሁለት ታክሲ በሚያስይዝ ሰፈር ነው። ልብስ ሰፊው የት እንደገባ አናውቅም። ለጥቂት ቀናት አመሻሽ ላይ መተላለፊያው መሀል እየቆምኩ፣ "ወደዚህ፣ አባዬ" እያልኩ ድምፄን አሰማሁት። በአንድ ሰው ድምፅ ያን ሁሉ በር መተካት አልቻልኩም፤ ቱቦውን አሳልፌው ከፍርስራሹ ድንጋይ ጋር አጋጨሁት። "ተወው፤ እንደ በግ አትጥራኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደከመኝ እያለ መውጣቱን ተወው። ከልካይም አላስፈለገውም። ባልደረቦቹ አንድ ጊዜ ሊጠይቁት መጡ፤ የእነሱም ሰፈር እየተነሳ ስለሆነ ተመልሰው አልመጡም።

አሁን ሲመሽ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እኔን ለማስደሰት ይመስለኛል፣ አንዳንዴ፣ "መብራቱ ይሠራል?" ይለኛል።

"ይሠራል አባዬ" እለዋለሁ።

እውነቴን ነው። ድመት ስታልፍ እንኳን ይበራል።