የወለተጻድቅ ድምፅ

ቤቴል ከታክሲ ወርዳችሁ ወደ ክሊኒኩ ስትሄዱ ግድግዳ የተጋሩ ሁለት ሱቆች ታገኛላችሁ፤ አንዱ የኔ ልብስ ስፌት ነው፣ ሌላው የወለተጻድቅ ቡላ ቤት። የእሷ እንጀራ ቡላ ነው። ከእንሰት ሀገር ያስመጣችውን ነጭ ዱቄት እንደገና ታጥበዋለች፣ ታጠልለዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሁሉ ከወር በፊት ያዛታል። በአራስ ገንፎ ቀልድ አታውቅም። አንዴ ዝናብ የነካውን ሙሉ ጆንያ ለከብት ሰጥታ እኔን አናዳኛለች።

ቴሌግራም ያስገባችን ርሆቦት ናት። የወለተጻድቅ የሟች እህቷ ልጅ ስትሆን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ እንደ ጉራጌ ልጅ “አዶት” ትላታለች፣ እናቴ ማለቷ ነው። ኮሌጅ ማርኬቲንግ ተምራ ስትጨርስ የሱቁን ታፔላ አይታ ሳቀች።

“አዶት፣ አሁን ታፔላ አይቶ የሚገዛ የለም። ፎቶም ሁሉም ይለጥፋል። አራስ የምታምነው ድምፅ ነው። አንቺ አውሪ፣ ሌላውን ለኔ ተዪው።”

ቻናሉን በራሷ ስልክ ከፈተችው፤ የወለተጻድቅ ስልክ ያኔ ባለ ቁልፍ ነበር። በኋላ ደህና ስልክ ስትገዛ እንኳ “ወደ እኔ አዙሪው” አላለችም። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ያሳደጉትን ልጅ መጠየቅ እንደ መጠርጠር ይቆጠራል፤ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? እኔም ነበርኩ፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ድምፁ ሠራ። ወለተጻድቅ “አንቺ አራስ፣ ልጄ፣ እሳቱን አታስቸኩዪው” ብላ ትጀምርና ገንፎው እንዴት እንደሚገነፋ፣ ቅቤው መቼ እንደሚገባ፣ ወገብ እንዴት እንደሚታሰር ትናገራለች። ሰው ወደዳት። ተከታዩ ሃያ ሺህ አለፈ፤ ከአየር ጤና እስከ ሰሚት ሞተረኛ ይመላለስ ጀመር። የማታውቃቸው ሴቶች የልጆቻቸውን ፎቶ ይልኩላት ነበር። እሷም ስልኳን ይዛ እየመጣች “እዪማ ይሄኛውን፣ ግንባሩን እዪ” ትለኛለች።

ርሆቦት አግብታ ዘነበወርቅ ገባች። ቻናሉንም ከዚያው ሆና ልትሠራ ተስማሙ። ጥቂት ወር ቆይቶ ቻናሉ ከሁለታችንም ስልክ ጠፋ። ስንጠይቃት “ቴሌግራም ዘጋው አዶት፣ ምን ይደረግ። አዲስ እንከፍታለን” አለች። አመንናት። ቡላው በጆንያ ተቀመጠ፣ ወለተጻድቅም በሩ ላይ ተቀመጠች።

ባለፈው መጋቢት አስኮ አራስ ልንጠይቅ ሄድን። የወለደችው የድሮ ጎረቤታችን የሰብሌ ልጅ ፀሎት ናት። “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብለን እንደተቀመጥን ገንፎ ቀረበ።

“ያንቺው ቡላ ነው” አለች ሰብሌ ወደ ወለተጻድቅ እየሳቀች። “በሞተረኛ ነው ያስመጣነው። ዘመድ ነን ብለን ደጅ አልጠናንሽም።”

ወለተጻድቅ ጎረሰች። መዋጥ ሲያቅታት አየኋት። በቆሎ የተቀላቀለበት ነው፤ እኔ እንኳ አወቅኩት፣ ምላስ ላይ እንደ አሸዋ ይላል። የአራስ ቤት ገንፎ ደግሞ አይመለስም። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው በላችው።

“ሰብሌ፣ ይሄ የኔ አይደለም” አለች እጇን እየጠረገች።

ሰብሌ ስልኳን አወጣች። ያው ቻናል፣ ያው ስም፤ ለካ የተዘጋው በእኛ ስልክ ላይ ብቻ ነው። የሚደወልበት ቁጥር ግን የርሆቦት ባል ስልክ ነው። ስትነካው የወለተጻድቅ ድምፅ “አንቺ አራስ፣ ልጄ” እያለ ቤቱን ሞላው።

“ታዲያ ይቺ ማናት?” አለች ሰብሌ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ አፈረችላት።

ወለተጻድቅ ደጅ ወጥታ ለርሆቦት ደወለች። አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ።

“አዶት፣ ሰዉን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ” አለች ልጅቷ። “ያንቺ ቡላው ነው፣ ቡላ ደግሞ የትም አለ።”

“ድምፄስ?”

“እሱን ካጠፋሁትማ ማን ይገዛኛል?” አለች፣ ምንም ሳታፍር፣ እንደ አስተማሪ እያስረዳች።

እኔ እስከ ዛሬ ንዴቴ አልወጣልኝም። የዚያችን ልጅ የትምህርት ቤት ልብስ በነፃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እልክ ያዘኝና አዲስ ቻናል እንክፈት አልኩ፤ በወለተጻድቅ በራሷ ስልክ ከፈትን፣ ተናገረች፣ ለጠፍን። ተከታዩ መቶ እንኳ ሳይሞላ አንዲት እናት ጻፈችልን፦ “የሰው ድምፅ አስመስሎ መነገድ ነውር ነው። እውነተኛዋን እናውቃታለን፣ እንደዚህ አትናገርም።” ማስረጃ ብላም የወለተጻድቅን የድሮ ድምፅ አያያዘችበት።

የሚገባትን ልመልስላት ስል ወለተጻድቅ እጄን ያዘችኝ። የድሮውንም የአሁኑንም ተራ በተራ አዳመጠች።

“ሴትዮዋ ልክ ናት፣ አይመሳሰልም” አለችኝ። “ያኔ ስልኩን ይዛ ፊቴ የምትቀመጠው ርሆቦት ነበረች። ልጄ ስል እሷን ነበር የምለው።”