ነዳጅ አልቆ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ

ባምላክ ጉርምስናውን የጨረሰው በቅሎ ሲከተል ነው። ከላሊበላ አሸተን ማርያም ድረስ ፈረንጅ ያወጣል፣ ያወርዳል። ጦርነቱ መጣ፣ ፈረንጁ ጠፋ። ያ ጦርነት አለቀ ሲባል ሌላው ተተካ። በቅሎዋም በአንዱ ግርግር ማን እንደነዳት ሳይታወቅ ተነዳች። "ሰላም ሲወርድ ቱሪስቱ ይመለሳል" የሚሉ ነበሩ። እንዲህ የሚሉት ራታቸውን የበሉ ሰዎች ናቸው።

ጥቂት ጊዜ በሰው አይሱዙ ሲሚንቶ አመላለሰ፤ እሱም ተሸጠ። ይኼኔ ሚስቱ እየሩስ ዐረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አወጣች። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው።

"ሥራ ካገኘህ እቀራለሁ፤ ካላገኘህ እሄዳለሁ። ሌላ ወሬ የለኝም" አለችው።

የቀረው በር አንድ ብቻ ነበር። ከቆላ እህል የሚያስመጣ ነጋዴ ተሳቢ ላለው የጭነት መኪናው ሹፌር አጥቷል። የተሳቢ መንጃ ፈቃድ ያምጣና ቁልፉን ይውሰድ አለ።

ባምላክን ያስተማረው ሙሐዲን ነው። የነጋዴው የቀድሞ ሹፌር ነበር፤ ዓይኑ ሲደክም መሪውን ተወ። ወደ ፊት መንዳቱን ባምላክ ወዲያው ለመደው። ጣጣው የኋሊቱ ነው።

"ስማኝ አንተ ልጅ" ይለዋል ሙሐዲን፣ ጋቢናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጦ። "ተሳቢ ሲጎትቱት አማች ነው፣ ሲገፉት ባላጋራ። ሁለት አንገት አለው። አንዱን ወደ ቀኝ ስትለው ሌላው ወደ ግራ ይላል።"

"ታዲያ የትኛውን ልስማ ጋሽ ሙሐዲን?"

"አንዱንም አትስማ። ቀስ እያልክ ግፋ። መጠማዘዝ ሲጀምር ቶሎ መሪህን መልስ። ካመለጠህ ቁም፤ ወደ ፊት ሳብና አቃናው። በዚህ የሚያፍር ሹፌር ሰው ይገድላል።"

ባምላክ ነገሩ ገብቶታል። እጁ ግን የበቅሎ ነጂ እጅ ነው። በአሸተን መንገድ በቅሎዋ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ልጓሟን ያላላላታል እንጂ አይዝባትም፤ እግሯ ያውቃል። ልጓም አንቆ የያዘ ነው ገደል የሚገባው። ይኼ ከልጅነቱ ጀምሮ ክንዱ ውስጥ የገባ ነገር ስለሆነ፣ ተሳቢው መጠማዘዝ ሲጀምር፣ መሪውን መመለስ ባለበት ሰዓት፣ ጣቱ ሳያውቀው ይላላል። ብረቱም ታጥፎ ቁጭ።

"አሁንስ ለምን ለቀቅከው?"

"መንገዱን ያገኘዋል ብዬ።"

"አንተየ፣ ይኼ ብረት እናት የለው፣ ልጅ የለው። ለማን ብሎ ይጠንቀቅልህ?"

በቂ ናፍጣ ቢኖር ኖሮ እጁም ይማር ነበር። ግን ናፍጣው ከየት ይምጣ? የማደያው ሰልፍ ላይ የሚያድሩት ሌሎች፣ የሚቀዱት ሌሎች። ሰው ሲማር የሚቃጠል ጠብታ የለም፤ ባለሥልጣን ለቅሶ ሲደርስ የሚቃጠል ግን አለ።

ፈተናው ቆላ ወርዶ በአንድ የመንገድ ዳር ከተማ ሜዳ ላይ ሆነ። ሰልጣኙ ጨርቅ በታሰረባቸው ችካሎች መካከል ተሳቢውን የኋሊት ማስገባት አለበት። ባምላክ ከግማሽ በላይ በደህና ሄደ። ከዚያ ተሳቢው ጠመም አለ፣ እጁ ላላ፣ ችካሉ ከነጨርቁ ጎማ ሥር ገባ። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

ፈታኙ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል። "አልፈሃል" አለው።

"ችካሉን ደፈጠጥኩት እኮ ጌታው።"

"ዓይን አለኝ። ድጋሚ ፈተና ነዳጅ ይፈልጋል፤ ነዳጅ የለም። የዛሬዎቹ ሁላችሁም አልፋችኋል። ሥራ ላይ ትለምዱታላችሁ።"

ሥራ ላይ። በማን ደረት ላይ ነው የሚለመደው? ይህን የሚጠይቅ አንድ ሰው በዚያ ሜዳ አልተገኘም። ባምላክም አልጠየቀም፤ የፓስፖርቱ ነገር አፉን ያዘው።

ሙሐዲን ፈቃዱን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ አየው። "መብሩክ ልበልህ፣ ወይስ አላህ ይሁነን?" አለና መለሰለት።

እየሩስ ቀረች። ባምላክ ሥራ ጀመረ፤ ወደ ፊት ብቻ የሚነዳ ሹፌር ሆነ። መዞሪያ ፍለጋ መንደር አልፎ ይሄዳል፤ መውጫው ፊት ለፊት ያልሆነ ቦታ አይቆምም። እንዲህ እያለ ሰነበተ።

አንድ ቅዳሜ ነጋዴው እህል አስጭኖ ብልባላ ከተማ ላከው። መጋዘኑ ከገበያው ጀርባ ነው፤ መግቢያው የኋሊት ብቻ። ተሳቢውን ነጥሎ እንዳያቆም መሬቱ ቁልቁለት ነው። በግድግዳው ሥር ሴቶች ጌሾና ሽንኩርት ዘርግተዋል፣ አህዮች ታስረዋል። ሥራ የፈታ ሁሉ ከኋላ ተሰልፎ መጥራት ጀመረ፤ አንዱ "ና፣ ና" ይላል፣ አንዱ "ቁረጥ"፣ ሌላው "መልስ"።

ባምላክ በስፖኪዮው አየ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ሽንኩርት ትመርጣለች፤ ቀናም አላለች። የኋላ ማርሽ አስገባ። መኪናው ትንሽ ሄደ፣ ተሳቢው ጠመም አለ፣ ጣቶቹም ሲላሉ ተሰማው። ፍሬን ያዘ። ሞተሩን አጠፋ።

"ሰዎቹ ይነሱልኝ" አለ ወርዶ።

"አንተ ና እንጂ እነሱ ይነሳሉ።"

"አልችልም። መንገድ ላይ እናራግፈው።"

"ሹፌር ነህ ሙሽራ? እንለምንህ እንዴ?" አለ አንዱ። ሳቁ ገበያውን ዞረ። መጋዘን ጠባቂው ነጋዴው ዘንድ ደወለ። ነጋዴው በስልክ፣ ቁልፉን ተቀብለህ እዚያ ለሚገኝ ለሌላ ሹፌር ስጥ አለው።

ሌላው ሹፌር በዚያው የፈተና ሜዳ በዚያው ቀን ያለፈ ጎረምሳ ነበር። ዘሎ ገባ፣ ረገጠው። ሴቶቹ እየተጯጯሁ ተነሱ። ተሳቢው ታጥፎ ግድግዳውን ናደ፤ አንዲት የታሰረች አህያ ከግንቡና ከብረቱ መካከል ተጨፍልቃ ቀረች። "ሰው አልተነካም፣ ተመስገን" ተባለ። ጎረምሳው ተጨበጨበለት፤ መኪናውም ለእሱ ሆነ።

ባምላክ እየሩስ ጋ ደወለ።

"መኪናውን ወሰዱብኝ።"

"ሰው ገጨህ?"

"አልገጨሁም። የኋሊት አልሄድም ብዬ ነው።"

"በጊዜ ና" አለችው። "ሳልሄድ የትንሿን ልጅ ፀጉር መጎንጎን ላሳይህ። አጥብቀህ ካልያዝክባት አታለቅስም።"