በደህናዋ ሞተር ላይ የመሰከርኩት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አታውቅም። የንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ሌላ ሌላውን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን ዘልዬ አልፌያታለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሜ። ዛሬ ለእናንተ ለማታውቁኝ መናገር የቻልኩት፣ ምናልባት የማያውቀኝ ሰው ፊት ማፈር ስለሚቀለኝ ይሆናል።

አቃቂ ነው የምኖረው። ሥራዬ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ መጠገን ነው። አባቴ የድሮው ባቡር የጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ከብረት ጋር ያሳለፉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። እኔ የበኩር ልጃቸው ነኝ። ታናሼ ናሆም ዘግይቶ ነው የተወለደው። እናታችን እሱን ጡት ሳታስጥል አረፈች፣ አባባም እናትም አባትም ሆነው አሳደጉት። እኔን አቅፈው የማያውቁት ሰው ተንበርክከው የእሱን ጫማ ሲያስሩ አይ ነበር። ያን ጊዜ ትልቅ ልጅ ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ በሕፃን ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ጎረምሳ ሳለሁ ሞተር እንዲገዙልኝ ለመንኳቸው። የጋዜጣ ማመላለስ ሥራ አግኝቼ ነበር።

«ሞተር ገዝቼ ሬሳህን ልጠብቅ?» አሉኝ። እኔም ሁለተኛ አላነሳሁትም። የሰው ሞተር መጠገን ተማርኩና በዚያው ቀረሁ።

ናሆም ሲያድግ አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ ዕቃ የማድረስ ሥራ ተገኘለት፤ የራሱ ሞተር ካለው ይቀጥሩታል። አባባ ሳያመነቱ እሺ አሉ። ለእኔ ሲሆን ሬሳ የምታመጣ ሞተር፣ ለእሱ ሲሆን እንጀራ ሆነች። ይህን በአፌ አልተናገርኩም። ሆዴ ውስጥ ግን ሌት ተቀን ሌላ ነገር አልነበረም።

አንድ ጠዋት አባባ ሱቄ ድረስ መጡ። መጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«ገላን ኮንዶሚኒየም አንዲት ሴትዮ የሟች ባሏን ሞተር ትሸጣለች አሉ» አሉኝ። «ሄደህ እያት። ይሁን ካልክ እገዛለታለሁ። አይሆንም ካልክ ይቀራል። እኔ የማምነው ያንተን ዓይን ነው።»

ሦስታችንም ሄድን። ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉት ሴትዮ ደረጃው ሥር ከቆመችው ሞተር ላይ አሮጌ አንሶላ ገፈው አሳዩን። ትንሽ፣ ቀይ፣ ዕድሜ ያላት ሞተር ናት። እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ተንኮለኛ ሻጭ ቢሆን ቀድሞ አሙቆ ይጠብቅህ ነበር፣ ሲቀዘቅዝ የማትነሳ ሞተር ስትሞቅ ትነሳለችና። በመጀመሪያው ምት ተነሳች። ጭሱን አየሁ፤ ሰማያዊነት የለውም፣ ዘይት አትበላም ማለት ነው። ዘይቱን አወጣሁ፣ ንጹሕ። ካቴናው አልላላም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቼ ወዲያና ወዲህ ነቀነቅኩ፣ ኩሽኔታው ድምፅ የለውም። ሻንሲው አልተበየደም፣ ተጋጭታ አታውቅም ማለት ነው፤ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። በሙሉ የሥራ ዘመኔ እንደዚያች በእንክብካቤ የተያዘች አሮጌ ሞተር አላየሁም። ሰውየው እንደ ልጁ ነው የያዛት።

ቀና ስል ናሆም ወንበሯ ላይ ወጥቷል። አባባ በመሀረባቸው መስተዋቷን ይጠርጉለታል።

«ቀስ እያልክ ነው የምትነዳት፣ እሺ?» አሉት። «እሑድ እሑድ ደግሞ እኔን ቤተ ክርስቲያን ታደርሰኛለህ።»

«ወገቤን ጥብቅ አድርገው ከያዙ ነው» አላቸው።

አባባ ሳቁ። ድምፅ አውጥተው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የሳቁት ደግሞ ለእሱ ነው።

«አትሆንም» አልኩ።

ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ ብል ውሸት ይሆናል። አስቤበታለሁ። ምን ብል አባቴ እንደሚደነግጡ አውቅ ነበር፤ ያንኑ መርጬ ተናገርኩ። «ውስጧ አልቋል። አስፋልት ላይ እየበረረ ሳለ ሞተሩ ድንገት ይደርቅና የኋላ ጎማው ይታሰራል። ያን ጊዜ ልጁ አይተርፍም።»

አባባ ናሆምን ክንዱን ይዘው ከሞተሯ አወረዱት። ናሆም አንዴ እኔን፣ አንዴ ሞተሯን አየ።

«እርግጠኛ ነህ ጋሼ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ የማውቀው ወይስ አንተ?» አልኩት።

ወይዘሮ አልማዝ ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢቆጡ፣ ቢሰድቡኝ ምናልባት ይሻለኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ነው አንተን ያመጣህ» አሉኝ። «ሳላውቅ ለሰው ልጅ ልሸጣት ነበር እኮ። የሰው ነፍስ እጄ ላይ ልትሆን ነበር።» ዞረውም አንሶላውን መልሰው አለበሷት።

አመሰገኑኝ። ገባችሁ? የሟች ባላቸውን ልፋት ያዋረድኩባቸው ሴትዮ አመሰገኑኝ፣ እኔም «ምንም አይደል» ብዬ ወጣሁ።

ሌላ ሞተር እስክናፈላልግ የናሆምን ሥራ ሌላ ሰው ወሰደው። አባባም ከዚያ ወዲያ ሞተር የሚባል ነገር እንዲነሳባቸው አልፈለጉም። ናሆም ቂሊንጦ ፋብሪካ ገባ፣ በሺፍት። ሲያወራ የሚውለው ልጅ ቀኑን አንድ ማሽን ፊት ቆሞ ይውላል፣ ወይም ያድራል፤ ቤት ሲመጣ ይተኛል። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እንዲያውም ለጓደኞቹ «ወንድሜ ባይኖር ሞቼ ነበር» ይላቸው ነበር። እኔም ቆሜ እሰማለሁ።

ከወራት በኋላ አሮጌ ዕቃ የሚነግድ ደንበኛዬ ከአንዲት ሞተር ሳይክል የወረደ ሞተር በጆንያ ይዞልኝ መጣ። ከገላን ነው የገዛው። ሴትዮዋ ለሚነዳ ሰው አልሸጥም፣ ፈታትተህ ለብረት አድርጋት ብለው በርካሽ እንደሰጡት ነገረኝ። «ሞቷል ብለውኛል፣ እስቲ የሚተርፍ ነገር ካለው እየው» አለኝ። ከፈትኩት። የሲሊንደሩ ግድግዳ አንዲት ጭረት የለበትም።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው። ገና ብዙ ይሠራል» አልኩት።

ለነጋዴው እውነቱን ለመናገር ምንም አልከበደኝም። ለእሱ አባቴ አልሳቁለትማ።

አባባ ሲታመሙ ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። ሱቄን ዘግቼ አጠገባቸው መሆን እችላለሁ፤ ናሆም ግን ከፋብሪካ ፈቃድ አያገኝም። ያረፉ ዕለትም ሺፍት ላይ ነበር። የመድኃኒት ሥራውን ይዞ ቢሆን፣ ሞተሯን አስነስቶ ከየትም ይደርስ ነበር። ይህንንም የወሰድኩበት እኔ ነኝ።

አባባ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ሻካራና ቀላል ነበር። «ባንተ ላይ ከባድ ነበርኩ» አሉ። «ናሆምን ያተረፍክልኝ ግን አንተ ነህ። አንተን የመሰለ ልጅ የለኝም።»

ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ቃል ነው። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልከፈትኩም። ደስ አለኝ። የሚሞት አባቴን እጅ ይዤ ደስ አለኝ።

ከቀብር በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ናሆም አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ስለ እኔ ምን አሉ?»

«ስምህን ጠሩ» አልኩት። ከዚያ በላይ አልሰጠሁትም።

ወይዘሮ አልማዝን ፍለጋ ገላን ሄጄ ነበር። ቤቱ ተከራይ ገብቶበታል፤ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። እሳቸው ዘንድ ያለብኝ በደል እንዳለ አለ። ናሆም ግን የትም አልሄደም። በየሳምንቱ ቤቴ ይመጣል፣ ልጆቼን ያጫውታል፣ አብረን እንበላለን። ልነግረው እችላለሁ። እንደማውቀው ይቅርም ይለኛል።

ታዲያ ለምን አልነገርኩትም? ቁጣውን ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ ኖሬያለሁ። ቁጣውን አልፈራም። ከነገርኩት የአባባ የመጨረሻ ቃል የእኔ መሆኑ ይቀራል፤ ያ ሳቅም፣ ያ ፍቅርም፣ ሁሉም ተመልሶ የእሱ ይሆናል። ያንን መስጠት አቃተኝ። አባባ ከሞቱም በኋላ፣ ይህን ስጽፍላችሁም፣ በወንድሜ እየቀናሁ ነው። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም።